የማስተካከያ ገጾች ስያሜና የተጠቃሚው መብት

(በኦስሎ፣ አልናብሩ፣ ለኢትዮጵያውያን ማኅበራት አባላትና ለሕግ አውጪዎች ረዳቶች የቀረበ ንግግር)



በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ከሚታዩት ቃላት ሁሉ ትልቁን ሥልጣን የያዘው የማስተካከያው መግቢያ ስም ነው። ፊደል ማተለቅ፣ ድምፅ መቀነስ፣ ካሜራ መዝጋት፣ ያሉበትን ቦታ ለኩባንያ ማሳወቅን ማቆም፣ የተከማቸን ሰነድ በሙሉ ማጥፋት፣ ይህ ሁሉ የሚከናወነው በዚያ በር ገብቶ ነው። የበሩ ስም ያልገባው ሰው ዕቃው የእርሱ ቢሆንም የማዘዝ ሥልጣኑ በሌላ እጅ ነው። ጉዳዩ የተርጓሚዎች የቃላት ክርክር ብቻ ሆኖ ስለቆየ ወደ ሕግ አውጪዎች ጠረጴዛ ሳይደርስ ቀርቷል። የዚህ ንግግር ዓላማ ወደዚያ ማድረስ ነው።

ችግሩ ከአማርኛ አልጀመረም። በእንግሊዝኛውም ዘንድ ስያሜው ለአርባ ዓመት ሲንከራተት ኖሯል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 ዊንዶውስን ሲያወጣ የማስተካከያውን ክፍል «ኮንትሮል ፓነል» አለው። በ2012 በዊንዶውስ 8 «ፒሲ ሴቲንግስ» የሚል ሁለተኛ ክፍል ጨመረ፤ በ2015 በዊንዶውስ 10 ይኸው «ሴቲንግስ» ተባለ፤ አሮጌው ግን አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ አንድ ተጠቃሚ ሁለት ማስተካከያ አለው፤ የትኛው ጉዳይ በየትኛው እንደሚገኝም በሙከራ ብቻ ይማራል። አፕል «ሲስተም ፕሪፈረንስስ» ሲለው የኖረውን በ2022 «ሲስተም ሴቲንግስ» አለው። በነጻ ሶፍትዌሩ ዓለም ኬዲኢ በ2008 ከ«ኬኮንትሮል» ወደ «ሲስተም ሴቲንግስ» ተሻገረ። ግኖም ደግሞ «ኮንትሮል ሴንተር» የሚለውን ትቶ ወደ «ሴቲንግስ» መጣ፤ ከጎኑ ግን «ትዊክስ» እና «ዲኮንፍ ኤዲተር» የሚባሉ ሌሎች መሣሪያዎች ቀርተዋል። የፊደልን ዓይነት ለመቀየር ከሦስቱ የቱን መክፈት እንደሚገባ ስሞቹ አይናገሩም። በአንጻሩ ግኖም በ2012 የፋይል ማሰሻውን ከ«ናውቲለስ» ወደ «ፋይልስ» መለወጡ ሊመሰገን ይገባል። የባሕር እንስሳ ስም ውስጥ ሰነዱን ይፈልግ ዘንድ ማንም ሊገደድ አይገባም።

አሁን ይህ ሁሉ ወደ አማርኛ ተርጓሚ እጅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ይታይ። ተርጓሚው የሚቀበለው ገጹን አይደለም፤ የቃላት ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮንፊገሬሽን» የሚሉ አምስት ቃላት ያገኛል። በእንግሊዝኛው እነዚህ አምስቱ በአብዛኛው የልማድ ልዩነት ናቸው፤ አንዱ ፕሮግራም ያንን፣ ሌላው ይህንን መረጠ እንጂ የአሠራር ልዩነት እምብዛም የላቸውም። ሕሊና ያለው ተርጓሚ ግን አምስት ቃል ሲያይ አምስት ቃል ይፈልጋል። በዚህ ትጋት የተነሣ በእንግሊዝኛ የነበረው ዝርክርክነት በአማርኛ ሥርዓት ሆኖ ይጸናል።

የተገኙት ቃላት እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ትርጉም አላቸው። በብዙ ስልኮች ላይ የሚገኘው «ቅንብሮች» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቅንብር የሙዚቃ ነው፤ አቀናባሪም ዜማውን ከመሣሪያ ጋር የሚያዋሕደው ባለሙያ ነው። «ቅንጅቶች» የሚለውም አንዳንድ ቦታ ይታያል፤ ይህን ቃል አይቶ የ1997ቱን ምርጫ የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ ማግኘት ይቸግራል። ከዚያ ገጽ ወርዶ «ምርጫዎች» የሚለውን ሲያገኝ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ፓርቲ ያቋቋመ ሊመስለው ይችላል። «ማስተካከያ» የጋዜጣ ቃል ነው፤ ባለፈው እትም ስሕተት ወጥቶ ከሆነ በማግሥቱ በዚያ ርዕስ ይታረማል። «ማሰናጃ» ከድግስና ከመስተንግዶ አይርቅም። «ውቅረት» የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይጠራል፤ ድንጋይ መፈልፈልን እንጂ ማያ ገጽ ማደብዘዝን አያሳስብም። «ባሕርያት» የሚለውን ያነበበ የአብነት ትምህርት ቤት ሰው ስለ ምሥጢረ ሥላሴ እንጂ ስለ አንድ ፋይል መጠን የተጻፈ አይመስለውም።

ይህን ሰምቶ ተርጓሚዎችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍትሐዊ አይደለም። አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ፣ ገጹን ሳያዩ የሠሩ ናቸው። ደግሞም የቃል ድርብ ትርጉም ብቻውን ጥፋት አይደለም። የኖርዌይ ቋንቋ ለዚሁ ማስረጃ ይሆናል። እዚህ አገር የማስተካከያው ክፍል «ኢንስቲሊንገር» ይባላል። በስቱርቲንገ፣ ማለትም በፓርላማው፣ የቋሚ ኮሚቴ የውሳኔ ሐሳብም «ኢንስቲሊንግ» ነው። በአዳራሹ ያሉት የምክር ቤት ረዳቶች ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጽፉት ያውቃሉ። ሆኖም አንድም ኖርዌያዊ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የኮሚቴ ሪፖርት አይፈልግም። ምክንያቱ ቃሉ የተሻለ ስለሆነ አይደለም፤ በስልኩም፣ በኮምፒዩተሩም፣ በቴሌቪዥኑም፣ በትምህርት ቤቱ መመሪያም ያው አንድ ቃል ስለሆነ ነው። ስለዚህ የአማርኛው ዋና ችግር «ቅንብሮች» ከዘፈን ጋር መጋራቱ አይደለም። ዛሬ ቅንብሮች፣ ነገ ማሰናጃ፣ ከነገ ወዲያ ምርጫዎች መሆኑ ነው። ከእነዚህ ማናቸውም ቢመረጥ፣ ሁሉም ከያዘው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የቤት ቃል ይሆናል። «የይለፍ ቃል» ከወታደር ሰፈር ወጥቶ የኮምፒዩተር ቃል ሲሆን ማንም አልተደናገረም፤ «ድረ ገጽ»ም እንዲሁ። ስልክ ራሱ በዐረብኛ ሽቦ ማለት እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ማን ነው?

አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ፤ የሚነገረውና የሚጻፈው መለያየቱ። በኦስሎና በአዲስ አበባ፣ በኦስሎና በጎንደር መካከል በብዙ ቤት የሚሰማ የስልክ ንግግር ነው።

«አባባ፣ ሴቲንግ የሚለውን ይጫኑ።»

«ልጄ፣ እንዲህ የሚል እዚህ የለም።»

«ጥርስ ያለው ክብ ነገር የሚመስለው፣ አባባ።»

«እሱማ ቅንብሮች ነው የሚለው። ዘፈን እንዳይከፍትብኝ ብዬ ተውኩት።»

ልጁ መሣሪያውን በኖርዌይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጠቀማል፤ በአማርኛ ሲናገርም «ሴቲንግ» ይላል። አባት የሚያነቡት ግን የተተረጎመውን ነው። እርዳታ የሚሰጠው በአፍ ስለሆነ፣ በአፍ የማይጠራ ስም እርዳታ የማያገኝ ስም ነው። በብዙ ቤት ነገሩ የሚያበቃው ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ በመለወጥ ነው። እንዲህ የአማርኛው ትርጉም ተሠርቶ፣ ተከፍሎበት፣ ተጭኖ፣ የሚጠቀምበት ያጣል። ከዚያ ኩባንያዎች ቁጥሩን ያዩና «አማርኛ ተፈላጊ አይደለም» ይላሉ።

እስካሁን የተባለው የምቾት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የመብት ጉዳይ የሚሆነው የማስተካከያው ስም ፈቃድን ሲሸከም ነው። የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት፣ ፎርብሩከርሮደት፣ በጁን 2018 «በንድፍ መታለል» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጠውን ጥናት አወጣ። ጥናቱ የፌስቡክን፣ የጉግልንና የዊንዶውስ 10ን የግል መረጃ ማስተካከያዎች መርምሮ፣ የቃላት አመራረጥና የገጽ አቀማመጥ ሰውን መረጃውን ወደ መስጠት እንደሚገፋው አሳየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ምክር ቤቱ ከሌሎች የአውሮፓ የሸማቾች ድርጅቶች ጋር የጉግልን የቦታ ክትትል የሚመለከት ሁለተኛ ጥናት አስከተለ።

የጉግል ነገር በስያሜ ላይ የቆመ ስለሆነ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ኩባንያው «ሎኬሽን ሂስትሪ» የሚባል ማስተካከያ ነበረው። ተጠቃሚው እርሱን ሲዘጋ ያለበት ቦታ መመዝገቡ እንደሚቆም ያምን ነበር፤ ስሙ ያንኑ ይናገራልና። ነገር ግን «ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ» የሚባል ሌላ ማስተካከያ ክፍት ሆኖ ሲቀር ቦታን የሚያሳይ መረጃ መሰብሰቡ ይቀጥል ነበር። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ የሚመጣ ነበር፤ በስሙ ውስጥም «ቦታ» የሚል ቃል የለም። የአሶሺዬትድ ፕሬስ የዜና ወኪል በኦገስት 2018 ይፋ ካደረገው በኋላ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2021 ተጠቃሚዎች ተሳስተው እንዲረዱ መደረጋቸውን ወሰነ፤ በ2022 የ60 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተጣለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጉግል ከ40 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር በ391.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

ይህ በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ የደረሰ ነው። አሁን «ሎኬሽን ሂስትሪ» ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመለስ፤ «የአካባቢ ታሪክ» ይሆናል። የአካባቢ ታሪክ ማለት ለአማርኛ አንባቢ የወረዳው ወይም የአውራጃው ታሪክ ነው፤ አረጋውያን የሚተርኩት፣ በመጽሐፍ የሚታተም። ይህን ያጠፋ ሰው ምን እንዳጠፋ፣ ያልነካውም ምን እንደፈቀደ አያውቅም። ፈቃዱ ግን በኩባንያው መዝገብ እንደ ተሰጠ ይቆጠራል። «የሄዱባቸው ቦታዎች መዝገብ» ቢባል ረጅም ነው፤ ግን እውነት ነው።

ሁለተኛው አደገኛ ቦታ መሣሪያን አጥፍቶ መልሶ ማስነሣትና መሣሪያን ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ የሚገናኙበት ነው። በእንግሊዝኛ «ሪስታርት» እና «ሪሴት» በድምፅ ቢቀራረቡም ሁለት ቃላት ናቸው። በአማርኛ ትርጉሞች ሁለቱም «ዳግም ማስጀመር» በሚል ሐረግ ሲገለጹ ይታያል። አንዱ የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ሌላው የሟች እናት ፎቶግራፍ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ቅጂ፣ የሦስት ዓመት ሒሳብ አብሮ ይጠርጋል። ለሁለተኛው «ሁሉንም አጥፋ» ከሚለው የተሻለ ስም መፈለግ አያስፈልግም። ተርጓሚ ለቋንቋ ውበት ሲል አደጋን ማለዘብ የለበትም።

ይህ ንግግር በአልናብሩ መቅረቡ አንድ ነገር ለማስታወስ ምክንያት ይሰጣል። አልናብሩ የኖርዌይ ትልቁ የባቡር ጭነት ማእከል ያለበት ነው። ማርች 24 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ግቢ 16 ባዶ የጭነት ፉርጎዎች አምልጠው ቁልቁል እስከ ሹርሶያ ወደብ ተንደረደሩ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ካመለከታቸው ምክንያቶች አንዱ በትራፊክ ተቆጣጣሪውና በፉርጎ አዘዋዋሪዎቹ መካከል የተፈጠረ አለመግባባት ነበር፤ ሌላው ያመለጠ ፉርጎን በመንገድ ላይ የሚያቆም መከላከያ አለመኖሩ ነው። የኮምፒዩተር ገጽ ቃል እንዲህ ያለ ጥፋት ያደርሳል ማለት አይደለም፤ ማነጻጸሩ በልኩ መያዝ አለበት። ከምርመራው የሚወሰደው ትምህርት ግን ይሠራል። አንድ ትእዛዝ በሁለት ሰዎች ዘንድ ሁለት ትርጉም ሲኖረው የግለሰብን ጥንቃቄ ማሳሰብ ብቻውን አይበቃም፤ ሥርዓቱ ራሱ ስሕተቱን የሚይዝ መሆን አለበት።

ኖርዌይ በዚህ ረገድ ሁለት ነገር ታስተምራለች። የመጀመሪያው ከሁለቱ የኖርዌይኛ የጽሑፍ ዓይነቶች በጥቂቶች የሚጻፈው ኒኖሽክ ያለፈበት መንገድ ነው። በ2001 የተጀመረው ስኩሌሊኑክስ፣ የትምህርት ቤቶች ነጻ ሶፍትዌር፣ በበጎ ፈቃደኞች ትርጉም በቡክሞልም፣ በኒኖሽክም፣ በሰሜን ሳሚኛም ቀረበ። በ2002 ማይክሮሶፍት የቢሮ ፕሮግራሙን በኒኖሽክ አላዘጋጀም በሚል ትምህርት ቤቶች ግዢውን እንደሚያቆሙ አስጠነቀቁ፤ ኩባንያውም እሺ አለ፤ ኦፊስ 2003 በኒኖሽክ ወጣ። እዚህ ላይ የሠራው የቋንቋ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ሌላ አማራጭ በእጅ መኖሩ፣ የትምህርት ሕጉም መጻሕፍት በሁለቱም ዓይነቶች እንዲቀርቡ ማዘዙ፣ ገዢውም መንግሥት መሆኑ ተደማምረው ነው። ሁለተኛው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው የቋንቋ ሕግ ነው። ሕጉ መንግሥታዊ አካላት ግልጽ፣ ትክክለኛና ለተቀባዩ የሚስማማ ቋንቋ እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። በዚያው ቀን የጸናው የአስተርጓሚ ሕግ ደግሞ የመንግሥት አገልግሎት በሚሰጥበት ቦታ ብቁ አስተርጓሚ እንዲኖር ይጠይቃል። ነገር ግን አስተርጓሚው የሚመጣው ለቀጠሮው ነው። ማመልከቻው የሚሞላበት ኮምፒዩተር ዘንድ፣ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ አስተርጓሚ የለም። የአልና ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ጉዳይ ከዚህ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል።

በኢትዮጵያ በኩል መሠረቱ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጸድቋል፤ አፈጻጸሙም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ቀደም ሲል የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚቻል አሳይቷል። የጎደለው በአዋጁና በመዝገበ ቃላቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ አዋጁ ስለ ፈቃድ ይናገራል፣ ፈቃዱ የሚሰጥበት አዝራር ስም ግን ማንም አይመለከተውም። ባለሥልጣኑ በሚያወጣው መመሪያ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢገባ ትልቅ ነገር ነው፤ ፈቃድ በሥራ ቋንቋ ሲጠየቅ የማስተካከያው ስም የሚሰበሰበውን መረጃ በግልጽ የሚጠራ ካልሆነ ፈቃዱ እንዳልተሰጠ ይቆጠር የሚል።

ከሕግ ውጭ የሚሠራም አለ። አንዳንዱ እንዲያውም ትንሽ ገንዘብ እንጂ ብዙ አይጠይቅም። ለምሳሌ በማስተካከያው የመፈለጊያ ሳጥን «ድምጽ» ብሎ የጻፈ ሰው ገጹ «ድምፅ» ስለሚል ምንም አያገኝም፤ «ሰአት» የጻፈም «ሰዓት»ን አያገኝም። ግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ማሽኑ ፊደላቱን ያውቃቸዋል፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማዘዝ ለፕሮግራም አዘጋጅ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው። እንዲሁም አዝራሮች «ሰርዝ»፣ «አስቀምጥ» እያሉ ሁሉንም ሰው እንደ አንድ ወጣት ወንድ ማዘዛቸው፣ ለአንዲት የ70 ዓመት እናት አክብሮት የጎደለው ከመሆኑ በላይ፣ መሣሪያው ለእርሳቸው እንዳልተሠራ ይነግራቸዋል። «መሰረዣ»፣ «ማስቀመጫ» ቢባል ጾታም ዕድሜም አይነካም። «ተደራሽነት» የሚለውም ይታሰብበት። በኢትዮጵያ የልማት ቋንቋ ይህ ቃል የጤና ጣቢያ ወይም የመንገድ መዳረስ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደል ለማተለቅ ወደዚያ አይሄድም። ማይክሮሶፍት ራሱ ለዓመታት «ኢዝ ኦፍ አክሰስ» ሲለው ቆይቶ በዊንዶውስ 11 ወደ «አክሰሲቢሊቲ» መመለሱ ነገሩ በየትም ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። በአማርኛ «የማየት፣ የመስማትና የመንካት እገዛ» ማለት ይቻላል።

ለማኅበራት የቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ለአንድ መቶ ያህል የማስተካከያ ቃላት የጋራ መዝገብ ይዘጋጅ፤ ከእያንዳንዱ አማርኛ ቃል ጎን ሰዎች በአፍ የሚጠሩት የብድር ቃል በፊደላችን ይጻፍ፤ ሦስተኛ ዓምድ የኖርዌይኛውን ስም ይያዝ። «ቅንብሮች፣ ሴቲንግ፣ ኢንስቲሊንገር» ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈ ወረቀት ያንን የአባትና የልጅ የስልክ ንግግር በግማሽ ያሳጥረዋል። መዝገቡ ሲዘጋጅ ክርክሩ በምሁራን መካከል ብቻ አይለቅ። ኮምፒዩተር እምብዛም የማይነኩ አሥር ሰዎች ይጠሩ፤ ስሙን ብቻ አሳይቶ «ይህን ቢከፍቱት ምን የሚያገኙ ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ለምክር ቤት ረዳቶችና ለክፍለ ከተማ ግዢ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ የውል አንቀጽ ቀርቧል። መንግሥት ወይም ማዘጋጃ ቤት በአማርኛ የሚቀርብ ሶፍትዌር ወይም መመሪያ ሲገዛ፣ አቅራቢው የማስተካከያዎቹን ስሞች በተጠቃሚዎች ማስፈተኑን ያስረዳ፤ የማጥፋት፣ የመከታተልና የመረጃ መስጠት ትእዛዞችም ለየብቻ ይፈተኑ። የፈተናው ውጤት ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ይረከብ፤ ከአሥር ሰዎች ሦስቱ የተሳሳቱበት ስም ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ይቀየር።